ስክረምና ፊት መስመር፦ ስለ አንገት ደኅንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ላይ ራግቢ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች፣ ወላጆቻቸውና የስፖርት መምህራን ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ስክረምን ነው። ልክ ናቸው። ስለ ሩጫውና ስለ ቅብብሉ ሌላ ጊዜ ይወራል፤ እዚህ የሚመለሰው ከስክረሙ ፊት ስለሚቆሙት ሦስት ሰዎችና ስለ አንገታቸው የሚጠየቀው ብቻ ነው።

ስክረም ምንድን ነው? ቴሌቪዥን ላይ ሳየው ጠብ ይመስለኛል።

ጠብ አይደለም፤ የቆመ ጨዋታ ማስጀመሪያ ነው። አንድ ተጫዋች ኳሷ ከእጁ አምልጣ ወደ ፊት ስትወድቅበት፣ ወይም ወደ ፊት ሲያቀብል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋና ስክረም ያዝዛል። ከየቡድኑ ስምንት ተጫዋቾች ፊት ሦስት፣ መሀል አራት፣ ኋላ አንድ ሆነው ተያይዘው ይገጥማሉ። ኳሷ በሁለቱ ፊት መስመሮች መካከል ትገባለች፣ በእግር ወደ ኋላ ትሳባለች፣ ከኋላ ትወጣና ጨዋታው ይቀጥላል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም የሚገፉት በድምሩ 16 ሰዎች ናቸው። በድሮው አገጣጠም ትልልቅ የወንድ ቡድኖች ሲለኩ፣ ሲጋጠሙ የሚፈጠረው ኃይል ከ16,000 ኒውተን በላይ ደርሶ ነበር። በክብደት ቢመነዘር ወደ 16 ኩንታል ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚያልፈው በፊት መስመሩ ሦስት ሰዎች ትከሻና ጀርባ በኩል ነው። ጥያቄው ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሦስቱ የፊት መስመር ተጫዋቾች እነማን ናቸው?

ቁጥር 1 ሉዝሄድ ፕሮፕ፣ ቁጥር 2 ሁከር፣ ቁጥር 3 ታይትሄድ ፕሮፕ ይባላሉ። ሁለቱ ፕሮፖች ከግራና ከቀኝ ሆነው መሀል ያለውን ሁከር ይይዛሉ፤ ኳሷን በእግሩ ወደ ኋላ የሚስበው ሁከሩ ነው። ከስክረም ውጭ ኳስ ከመስመር ስትወጣ ወደ ሜዳ የሚወረውረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሁከሩ ሁለት እጆቹ በፕሮፖቹ ላይ ተይዘዋል፣ አንድ እግሩ ደግሞ ኳስ ለመሳብ ይነሳል። ስክረሙ ድንገት ቢወድቅ መሬት የሚደገፍበት እጅ የለውም ማለት ነው። በስክረም ከሚደርሱ ከባድ የአንገት ጉዳቶች መካከል የሁከሮች ድርሻ ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሰልጣኝ ሁከር ሲመርጥ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይምረጥ፤ አንገቱና ትከሻው የጠነከረ፣ አጠገቡ ያሉትን ሁለቱን የሚያምናቸው ልጅ ይፈልግ።

ሁለቱም ፕሮፕ ከሆኑ ቦታ ቢለዋወጡ ምን ችግር አለው?

ትልቅ ችግር አለው። በሕጉ መሠረት እያንዳንዱ የፊት መስመር ተጫዋች ሲገጥም ጭንቅላቱን ከተጋጣሚው ጭንቅላት በስተግራ ያስገባል። በዚህም የተነሳ ሉዝሄዱ በግራ በኩል ማንም የለበትም፤ የሚጫነው በቀኝ ትከሻው በኩል ያለው አንድ ተጋጣሚ ብቻ ነው። ታይትሄዱ ግን ጭንቅላቱ በተጋጣሚው ሉዝሄድና በተጋጣሚው ሁከር መካከል ይገባል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ይጫነዋል። የእጅ አያያዛቸውም ይለያያል። ሉዝሄዱ ግራ እጁን ከታይትሄዱ ቀኝ እጅ ውስጥ አሳልፎ የማሊያውን ጀርባ ወይም ጎን ይይዛል። ታይትሄዱ ደግሞ ቀኝ እጁን ከሉዝሄዱ ግራ ክንድ ውጭ አድርጎ እንደዚሁ ጀርባ ወይም ጎን ላይ ይይዛል። ደረት፣ ክንድ፣ እጅጌ ወይም ኮሌታ መያዝ ክልክል ነው፤ እነዚህን የያዘ ሰው ተጋጣሚውን ወደ መሬት ይጎትታልና።

የታይትሄድ ቦታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ2019 ዮኮሃማ ላይ የተደረገውን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይመልከት። የእንግሊዙ ታይትሄድ ካይል ሲንክለር ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ጭንቅላቱን ተመትቶ ወጣ። ተቀያሪው ዳን ኮል ልምድ ያካበተ ሰው ነበር፤ ነገር ግን የቀረውን ጨዋታ ከሞላ ጎደል ብቻውን መሸከም ነበረበት። ከፊቱ የቆመው ደግሞ ሐራሬ ተወልዶ ለደቡብ አፍሪካ የተጫወተው ቴንዳይ ምታዋሪራ ነው። የእንግሊዝ ስክረም ደጋግሞ ተሰበረ፣ ቅጣቱ ተደራረበ፣ ደቡብ አፍሪካ 32 ለ 12 አሸነፈች። በዚያ ደረጃ ያለ ባለሙያ እንኳ እንዲህ ከተፈተነ፣ ሉዝሄድ የለመደን የ17 ዓመት ልጅ «ዛሬ ቀኝ ቁም» ማለት ምን እንደሆነ መገመት ቀላል ነው።

ልጄ ወፍራም ስለሆነ ፕሮፕ እናድርገው አሉኝ። ልፍቀድላቸው?

ውፍረቱን ብቻ አይተው ከሆነ አይፍቀዱ። ፊት መስመር «ከባድ ልጅ የሚቀመጥበት ቦታ» ነው የሚለው አስተሳሰብ በጀማሪ ቡድኖች ዘንድ ከሁሉ አደገኛው ነው። ክብደት ይረዳል፤ ነገር ግን አቋም ሳይማር ክብደቱን ይዞ የገባ ልጅ ለራሱም ለተጋጣሚውም ስጋት ነው።

አሰልጣኙን ሦስት ነገር ይጠይቁት። ልጄ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ መቆየት ይችላል ወይ? በአንድ ለአንድ ልምምድ ስንት ጊዜ አልፏል? ከሱ ፊት የሚቆመው ልጅ በዕድሜ፣ በቁመትና በልምድ ይመጥነዋል ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ያልተመጣጠነ ጥማድ ሞፈሩን እንደሚያዞር ሁሉ፣ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር የሆነበት ፊት መስመርም ስክረሙን ያጣምማል፤ የተጣመመ ስክረም ደግሞ ይወድቃል። አሰልጣኙ ጥያቄው ካስቀየመው፣ ልጅዎ ለጊዜው ክንፍ ላይ ይሩጥ።

አደጋው በትክክል ምንድን ነው?

ሦስት ቅጽበቶች አሉ። የመጀመሪያው ሁለቱ ወገኖች ሲገጥሙ ነው። ጭንቅላት ወደ ክፍተቱ በመግባት ፈንታ ከተጋጣሚ ትከሻ ወይም ጭንቅላት ጋር ከተላተመ ኃይሉ በቀጥታ በአንገት አጥንቶች ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ስክረሙ ሲወድቅ ነው፤ አናት መሬት ነክቶ ከኋላ ያሉት መግፋታቸውን ሲቀጥሉ አንገት ወደ ደረት ይታጠፋል። ሦስተኛው አንድ ተጫዋች ከታች ተገፍቶ እግሩ ከመሬት ሲነሳ ነው። ያን ጊዜም አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ከኋላ ይገፋል።

አገጭ ደረት ላይ ሲያርፍ አንገት የተፈጥሮ ቅርጹን ያጣል፣ ጡንቻዎቹም ኃይሉን ማብረድ ያቅታቸዋል፤ በዚህ ጊዜ አጥንቶቹ ከቦታቸው ሊንሸራተቱና ሰረሰሩን ሊጫኑት ይችላሉ። ውጤቱ ሽባነት ሊሆን ይችላል። ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጉዳት ብዙ ጊዜ አይደርስም። ግን ሲደርስ መመለሻ ስለሌለው ነው ሌላው ሁሉ ጥንቃቄ የተፈጠረው።

«ክራውች፣ ባይንድ፣ ሴት» ሲባል ምን ማድረግ አለብን?

ልምምድ ላይ «ጎንበስ፣ ያዝ፣ ግጠም» ብንልም ይዘቱ ያው ነው። ተጫዋቾቹ ግን የዳኛውን የእንግሊዝኛ ጥሪም ሊለምዱት ይገባል፤ ጨዋታ ላይ የሚሰሙት እሱን ነውና።

ጎንበስ ሲባል ሁለቱም ፊት መስመሮች ዝቅ ይላሉ። ጭንቅላትና ትከሻ ከዳሌ በታች አይወርድም፤ ይህ እስከ ስክረሙ ፍጻሜ ድረስ የሚጸና ነው። ጭንቅላት ከተጋጣሚው ጭንቅላት በስተግራ ይሆናል፣ የማንም ጭንቅላት የተጋጣሚን አንገት ወይም ትከሻ አይነካም። ዓይን ወደ ፊት፣ አገጭ ከደረት የራቀ። ያዝ ሲባል ፕሮፖቹ ተጋጣሚያቸውን ከላይ በተገለጸው መንገድ ይይዛሉ፤ ይህን ጊዜ ሁከሩ አንድ እግሩን ወደ ፊት አስቀድሞ እንደ ፍሬን ይጠቀምበታል። ይህ የፍሬን እግር ወደ ሕጉ የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ዓላማው ገና ሳይገጥሙ ከኋላ የሚመጣው ክብደት በአንገታቸው ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ግጠም የሚባለው። ዳኛው ሳይጠራ ቀድሞ የገባ ቡድን ይቀጣል፤ ግፊያ የሚጀመረውም ኳሷ ስትገባ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

የድሮ ጨዋታዎችን ያዩ ሰዎች ሌላ ጥሪ ሊያስታውሱ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ተጫዋቾች ተነካክተው ከተለያዩ በኋላ በሩጫ ያህል ይጋጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አስቀድሞ መያያዝ ግዴታ ሲሆን፣ ሲጋጠሙ የሚፈጠረው ኃይል በ25 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ የሚገኝ የድሮ ቪዲዮ እያሳዩ ልጆች ማሠልጠን ይቅር። እዚህ አካባቢ ብዙዎቻችን ጨዋታውን የምንማረው ከስልክ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስክረም ሲወድቅ ምን ላድርግ?

ከኋላ ያሉት ወዲያው ግፊያ ያቆማሉ። ይህ ከሁሉ ይቀድማል፤ ፊት መስመሩ መሬት ላይ ሆኖ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ዕጣው ያለው በእነዚያ አምስት ሰዎች እጅ ነው። ልምምድ ላይ አንድ የታወቀ ቃል ይኑራችሁ። «ቁም!» በቂ ነው። ማንም ተጫዋች፣ የተጋጣሚ ወገን ቢሆን እንኳ፣ ቃሉን ሲጮኽ ሁሉም እዚያው ይቆማል። ቃሉን በየልምምዱ ያለ ምክንያትም እየጠራችሁ ሞክሩት፤ ካልተለመደ በጨዋታ ሙቀት አይሰማም።

ፊት መስመር ላይ ያለ ሰው አገጩን ከደረቱ ያርቃል፣ በደረቱና በሆዱ ለመውደቅ ይሞክራል፣ ከፕሮፕና ከሁከር አያያዙን ቶሎ አይለቅም። ዳኛው ስክረሙ ሲወድቅ ወይም አንድ ተጫዋች እግሩ ከመሬት ሲነሳ ወዲያው ፊሽካ መንፋት አለበት፤ ኳሷ እስክትወጣ አይጠብቅም። የምንነሳውም ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ ቁጥር 8፣ ከዚያ መሀል ያሉት፣ በመጨረሻ ፊት መስመሩ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ስክረምን ሆን ብሎ በሚጥል ተጫዋች ላይ ግን ዳኛው ሊቆጣ ይገባል፤ ፔናሊቲ ነው፣ ከተደጋገመም ካርድ።

ልጁ ወድቆ አንገቴን አለ። ወደ ወጌሻ እንውሰደው?

በፍጹም። ወጌሻ ለወለምታ ያለው ሙያ አይካድም፤ አገሩ ሁሉ ዳነበት። አንገት ግን ሊታሽ፣ ሊጎተት፣ ሊስተካከል አይገባም። የተሰነጠቀ የአንገት አጥንት ያለበት ልጅ እጅ እግሩን እያንቀሳቀሰ ሊያናግራችሁ ይችላል፤ በአንድ መጥፎ እሽት ወይም አነሳስ ግን ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ወጌሻ ብለው የሚጠሩት የሕክምና ረዳትም ቢሆን ሥራው ሐኪም እስኪደርስ ልጁን ማቆየት ነው።

ሜዳ ላይ የምናየው ልማድ ይህ ነው፦ ሁለት ጓደኞቹ በብብቱ ገብተው ያነሱታል፣ አንዱ ውሃ አናቱ ላይ ያፈስሳል፣ ሌላው «ተነሥ፣ አይዞህ» ይላል፣ ከዚያ ባጃጅ ላይ ይቀመጣል። አራቱም ስህተት ነው።

ይልቅስ አንድ ረጋ ያለ ሰው ከአናቱ በኩል ይንበርከክ። ክርኖቹን መሬት ላይ አስደግፎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ከግራና ከቀኝ ይያዝ፣ ባለበት ሁኔታ ያቆየው፤ ተጣሞም ከሆነ ለማቃናት አይሞክር። «አትንቀሳቀስ፣ አትነቅንቅ፣ በአፍህ መልስልኝ» ይበለው። መተንፈሱ ይታይ። እጁ ወይም እግሩ ይደነዝዘው፣ ይቆጥቁጠው፣ ይዛልበት እንደሆነ ይጠየቅ። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ወይም አንገቱ መሀል ላይ አጥንቱን ካመመው፣ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ሰረሰሩ ተጎድቷል ብላችሁ ተነሡ። መተንፈስ ካቆመ ግን እስትንፋሱ ይቀድማል፤ አንገቱን ሳያጥፉ መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ የአየር መንገዱን መክፈት ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ መኖር አለበት።

የሚበላም የሚጠጣም አይሰጠው። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረብለት፤ ደብረ ብርሃን ላይ መሬት የተኛ ሰው በአሥር ደቂቃ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡም አንገቱን አይጠቅምም። አምቡላንሱ ጠፍጣፋ ማንሻና የአንገት ድጋፍ ይዞ እስኪመጣ ይጠበቅ። ደብረ ሲና ላይ የምትጫወቱ ሰዎች ደግሞ ይህን አስቀድማችሁ አስቡ። ወደ ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መንገዱም የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ ጉም ውስጥ ያልፋል። የወረዳውን የአምቡላንስ ስልክ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ደውላችሁ ሞክሩት። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል ከተባለ ያን ቀን ስክረም ያለ ግፊያ ይሁን።

ጭንቅላቱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ካለ ይመለስ?

አይመለስም። ራሱን ስቶ ባይሆንም እንኳ ከደነገዘ፣ ከተንገዳገደ፣ ውጤቱን ከረሳ ወይም ራስ ምታት ካመመው ያን ቀን ጨዋታው አበቃ። ጨዋታውን በዓለም ደረጃ የሚመራው አካል፣ የወርልድ ራግቢ፣ መመሪያ እንደ እኛ ላሉ ማኅበረሰባዊ ቡድኖች ወደ ውድድር መመለሻውን ቢያንስ ከ21 ቀን በኋላ ያደርገዋል፤ እሱም ምልክቶቹ ከጠፉና ልምምዱ ደረጃ በደረጃ ከተመለሰ ነው። «ወንድ ልጅ» እየተባለ የተመለሰ ልጅ ፊት መስመር ላይ ሲቆም ጥሪውን ዘግይቶ ይሰማል፣ ዘግይቶ ይይዛል፤ ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ሌላ ሰው ላይ ይደርሳል።

የሠለጠነ ፊት መስመር ከሌለን መጫወት አንችልም ማለት ነው?

ትችላላችሁ። ያለ ግፊያ ስክረም ታደርጋላችሁ፤ በሁለቱም ወገን ተያይዘው ይገጥማሉ፣ ማንም አይገፋም፣ ኳሷን ያስገባው ቡድን ያወጣታል። በእኛ እምነት በሰሜን ሸዋ ያለ ጀማሪ ቡድን ሁሉ የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን በዚህ መንገድ ቢጨርስ አይጎዳም።

ብዙዎች ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። በዓለም ዋንጫም የሚደረግ ነው። በዚያው በ2019 ውድድር ጣሊያን ከደቡብ አፍሪካ ስትጫወት በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ታይትሄዶቿ ተጎድተው ወጡ፣ ቦታውን የሚተካ ሠልጣኝ አልቀረም፣ ስክረሙም እስከ መጨረሻው ያለ ግፊያ ሆነ። ዳኛው «ሌላ ጎበዝ ልጅ አምጡ» አላለም።

ሕጉ ይህን ለመከላከል የተቀያሪዎችን ቁጥር ይወስናል። 15 ተጫዋች ያስመዘገበ ቡድን ቢያንስ 3፣ ከ16 እስከ 18 ያስመዘገበ 4፣ ከ19 እስከ 22 ያስመዘገበ 5፣ 23 ያስመዘገበ ደግሞ 6 ፊት መስመር መጫወት የሚችሉ ሰዎች ሊኖሩት ይገባል። ወረቀት ላይ ስም መሙላት ቀላል ነው። ለዳኛው «ይችላል» ብሎ የሚፈርመው ግን አሰልጣኙ ስለሆነ፣ ያላሠለጠነውን ልጅ ስም የጻፈ ሰው ኃላፊነቱን እንደወሰደ ይወቅ።

ሌላው መንገድ ሰቨንስ ነው። ሰባት ሰው፣ ሰባት ሰባት ደቂቃ፣ ስክረሙም ሦስት ለሦስት ብቻ። ከኋላ የሚገፋ አምስት ሰው ስለሌለ ጫናው በጣም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 የሪዮ ጨዋታ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያም ስሟን ያስጠራችው በዚሁ ነው።

ከ19 ዓመት በታች ላሉት ሕጉ ይለያል?

አዎ። አሸናፊው ወገን ከ1.5 ሜትር በላይ መግፋት አይፈቀድለትም። ስክረሙን ሆን ብሎ ማዞር ክልክል ነው፤ 45 ዲግሪ ከዞረ ዳኛው ያቆማል። በአዋቂዎች ጨዋታ ይህ መጠን 90 ዲግሪ ነው። ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተማሪዎች ዕድሜያቸው ሲለያይ፣ አንዱ 15 ሌላው 20 ሲሆን፣ ሁሉም በትንሹ ዕድሜ ሕግ ይጫወቱ።

ስክረም ማሽን የለንም። በምን እንለማመድ?

ማሽን ባይኖር አይጎዳችሁም፤ ጀማሪዎችን ቶሎ ማሽን ላይ መስቀል ጉልበት እንጂ አቋም አያስተምርም። ግድግዳ፣ ዛፍ፣ የቆመ መኪና ግን አትግፉ። እነዚህ አይሸሹም፣ አይሰጡም፤ እግር ሲያዳልጥ አናት ይቀድማል።

መጀመሪያ ብቻውን፦ በእጅና በእግር መሬት ይዞ፣ ጉልበት ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጀርባ ጠፍጣፋ። አሰልጣኙ ከወገቡ በላይ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ያስቀምጥለት፤ ከተንከባለለ ጀርባው ጎብጧል። ቀጥሎ ሁለት ልጆች ተንበርክከው ትከሻ ለትከሻ ይያያዛሉ፣ ቀስ ብለው ይገፋፋሉ። ከዚያ ቆመው አንድ ለአንድ። ከዚያ ሦስት ለሦስት፣ አምስት ለአምስት፣ በመጨረሻ ስምንት ለስምንት። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሸጋገሩት ጊዜው ስለደረሰ አይደለም፤ ያለፈውን ደረጃ ሳይወድቁ ሲሠሩ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ከጎበጠ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎበዞቹ ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ።

ለአንገት፦ ጓደኛው መዳፉን ግንባሩ ላይ ያደርጋል፣ እሱ ሳይነቃነቅ ለአሥር ሰከንድ ያህል ይመክታል። ከኋላ፣ ከግራ፣ ከቀኝ ይደገማል። በአናት መሬት ላይ ቆሞ ሰውነትን ማጎበጥ ለጀማሪ አይመከርም።

ሥልጠና በእርግጥ ይሠራል ወይ ለሚለው ኒውዚላንድን ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ለአሰልጣኞችና ለዳኞች በየዓመቱ ግዴታ የሆነ የደኅንነት ትምህርት ጀመሩ። ከዚያ በፊት በነበረው አካሄድ ቢቀጥል እስከ 2005 ድረስ በስክረም ዘጠኝ ያህል የሰረሰር ጉዳቶች ይጠበቁ ነበር፤ የደረሰው አንድ ነው።

የእኛ ሜዳ ለስክረም ይሆናል?

እንደ ወቅቱ ነው። እነዋሪና ደነባ በኩል ያለው መረሬ አፈር በክረምት ታኬታውን ይውጠዋል፤ የፊት መስመሩ እግር ሲንሸራተት ስክረሙ በአፍጢሙ ይደፋል። ሐምሌና ነሐሴ ግፊያ ያለው ስክረም ባይደረግ ይሻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ውርጭ ይወርዳል፣ መሬቱ ድንጋይ ይሆናል፣ ጡንቻም አይፈታም። ፀሐይ ሞቅ እስክትል ጠብቁ፣ ሰውነት ማሟሟቂያውንም አርዝሙት። ስክረም የሚደረግበትን ቦታ ጠጠር በእጅ ልቀሙ።

ከፍታም አለ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከታች የመጣ ቡድን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ የደከመ ፕሮፕ ደግሞ መጀመሪያ የሚያጎድለው አቋሙን ነው። ሁለቱ አሰልጣኞች ከጨዋታው በፊት ተነጋግረው ከእረፍት በኋላ ያለ ግፊያ ቢያደርጉት አስተዋይነት ነው።

የጨርቅ ቆብና የጥርስ መከላከያ ይጠብቃሉ?

ቆቡ ጆሮን ከመላጥና ከማበጥ ያድናል። ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ንቅናቄ አያቆምም፣ አንገትንም አይጠብቅም። የጥርስ መከላከያው ለጥርስ ነው፤ ይደረግ።

ሴቶች ፊት መስመር ይጫወታሉ?

ይጫወታሉ፤ ሕጉም አያያዙም አንድ ነው። የአንገት ልምምዱን ግን ቀደም ብላችሁ ጀምሩላቸው፣ ከወንዶች ጋርም ግፊያ ያለው ስክረም አታለማምዷቸው።

የእግር ኳስ ዳኛ ስክረም መዳኘት ይችላል?

ፊሽካ መንፋቱን ያውቅበታል፤ ስክረም ግን ሌላ ነው። ወርልድ ራግቢ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጣቸው የሕግና የደኅንነት ኮርሶች አሉ፤ እነሱን ጨርሶ፣ ልምምድ ላይ አብሮ ቆሞ ካየ በኋላ ይሞክር። እስከዚያው ያለ ግፊያ።

ማተብ አስሮ ፊት መስመር መግባት ይቻላል?

ቀለበት፣ ሐብል፣ የብረት መስቀል አይፈቀድም፤ ጌጣጌጥ በሕጉ የተከለከለ ነው። ክር ብቻ ከሆነ የሚወስነው ጨዋታውን የሚመራው ዳኛ ነው፤ ከጨዋታው በፊት ሄዶ ማሳየት ነው። ችግሩ ላላ ያለው ክር ላይ ነው፦ ተጋጣሚ ማሊያ ሊይዝ ሲል ጣቱ ከክሩ ጋር ይጠላለፋል፣ ስክረሙ ሲወድቅም ክሩ አንገት ላይ ይጠብቃል። አጭር ሆኖ ከማሊያው ሥር የገባ፣ በሕክምና ፕላስተር የተሸፈነ ቢሆን ይሻላል። ጥፍርም ያን ጊዜ አብሮ ይታይ፤ ረጅም ጥፍር ያለው ፕሮፕ ቆርጦ ይመለስ።